ወንበሩ ላይ 10 ደቂቃ፦ እረፍት የለሽ ልጆችና የጥርስ ሐኪም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር (ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት) ያለባቸው ልጆች ወላጆች በተደጋጋሚ ስለ ጥርስ ሕክምና ይጽፉልናል። ለዚህ ዕትም ስድስት ደብዳቤዎች መርጠናል። አንዷ ጠያቂ ወላጅ ሳትሆን የጥርስ ባለሙያ ናት።

ጥያቄ፦ «የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ተቦርቡሮ ሁለት ጊዜ ክሊኒክ ወሰድኩት። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ያህል ተራ ጠበቅን፤ ወንበሩ ላይ እንደወጣ የምራቅ መምጠጫውን ነጥቆ ወርዶ ሮጠ። በሁለተኛው ጭራሽ አፌን አልከፍትም አለ። ‹ሲረጋጋ አምጪው› ብለው መለሱን። መቼ ነው የሚረጋጋው?» (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ «ሲረጋጋ» የሚባል ቀን የለም፤ ጥርሱም አይጠብቅም። እንደ ጻፉልን ከሆነ ነገሩ የተበላሸው ገና አግዳሚው ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ለትልቅ ሰውም ይከብዳል፤ የእርስዎ ልጅ ደግሞ ለወንበሩ የሚያስፈልገውን ትዕግሥት እዚያው ጨርሶ ነው የገባው።

ስለዚህ ከወረፋው ይጀምሩ። ከቀናት በፊት ደውለው ወይም ብቻዎን ሄደው የዕለቱን የመጀመሪያ ተራ ይጠይቁ። ካርድ ማውጣቱንና ክፍያውን ልጁ በሌለበት ይጨርሱ። በቀጠሮው ቀን አንድ ሰው ተራ ይያዝ፤ ልጁ ከሌላ ሰው ጋር ግቢውን ይዙር፣ ደረጃ ይውጣ ይውረድ፣ ስልክ ሲደወል ብቻ ይግባ። ቁርሱን በልቶ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ይምጣ። (የሚያስተኛ መድኃኒት የሚሰጠው ከሆነ ግን የምግቡ ነገር ሌላ ነው፤ ወደ ታች ተጽፏል።)

የመጀመሪያው ቀን ምንም ሕክምና ባይደረግ ይመረጣል። ሐኪሙን «ዛሬ ጥርሱን ቆጥረውለት ብቻ ይሂድ» ብለው ይጠይቁ። ልጁ ወንበሩ ከፍ ዝቅ ሲል ያያል፤ መስታወቱን በእጁ ይይዛል፤ ያ የነጠቀው መምጠጫ ከብርጭቆ ውኃ ሲመጥ ያያል፤ ጥርሱ ይቆጠርለታል። እሺ ካለ ጥርስ የሚያጠነክር የፍሎራይድ ቅብ ይቀባና ይወጣል። ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት «ዛሬማ ጎበዝ ሆኗል፣ በዚያው እንሙላለት» ማለት ነው። ልጁ ይዞት የሚሄደው የመጨረሻውን አምስት ደቂቃ ስለሆነ፣ ደህና እያለ ማቆም ነው የሚበጀው። ከሳምንት በኋላ አንድ ጥርስ፣ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ። ፊቱ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለው፣ እብጠቱ ወደ ዐይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ መዋጥ ካቃተው ግን ማለማመዱን ትተው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።

ቤት ውስጥ በቀን ሁለት ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን ያህል ያለማምዱት። ራሱን ጭንዎ ላይ አድርጎ ይጋደም፤ የእጅ ባትሪ አብርተው በትንሽ ማንኪያ ጀርባ ጉንጩን ገለጥ ያድርጉና ጥርሱን ይቁጠሩ። መጀመሪያ እስከ 5፣ በማግስቱ እስከ 10፣ ከዚያ እስከ 20። ቁጥሩ ላይ ሲደርሱ በእውነት ያቁሙ፤ «አንዴ ብቻ ልጨምር» ካሉ ቁጥሩ ዋጋ ያጣል። ድምፅ የሚያስደነግጠው ከሆነ የጸጉር መላጫ ማሽን አስነስተው በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ኋላም ከጉንጩ ቀረብ አድርገው ያሰሙት።

የቀጠሮውን ነገር ከሳምንት በፊት አይንገሩት፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠይቅና ሲፈራ ይከርማል። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ በአጭሩ ይበቃል። «ምንም አያምህም»፣ «መርፌ የለም» አይበሉት፤ መርፌ ካለ ሁለተኛ አያምንዎትም። እንዲያውም ባጠፋ ቁጥር «ሐኪም ቤት ወስጄ ነው የማስወጋህ» የምንለው ነገር በዚህ ቤት ቢቀር ጥሩ ነው። ልጁ ወንበሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያየው ቅጣት የሚመስለው ሌላ ምክንያት የለውም።

ወንበሩ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። ሐኪሙ «ክፈት»፣ ነርሷ «እጅህን አውርድ»፣ እናት «አትንቀሳቀስ» ሲሉት ከሦስቱ አንዱንም አይሰማም። ትእዛዙም አንድ በአንድ ይሁን፦ «እስከ 10 ስቆጥር አፍህን ክፈት»። «ታገሥ» ወይም «ጨዋ ሁን» መቼ እንደሚያልቅ አይነግረውም። ግራ እጁን ሲያነሣ ሐኪሙ እንዲያቆም ይስማሙ። መጀመሪያ ያለ ምክንያት ደጋግሞ ያነሣዋል፤ ይሞክራችኋል። በየጊዜው ከቆመለት ይተወዋል። የሚጨምቀው ትንሽ ኳስ በእጁ፣ ለመብራቱ የፀሐይ መነጽር፣ ለድምፁ የጆሮ ማዳመጫ ይጠቅማሉ። እግሩን ማወዛወዙን ተዉት፤ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ጭንቅላቱ ጸጥ እንዲል ነው።

ሽልማቱ እዚያው፣ በየደረጃው ይሁን። «ለበዓል ብስክሌት እገዛልሃለሁ» ለዚህ ልጅ የሚሠራ ተስፋ አይደለም፤ ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ የራቀውን ሽልማት እንደሌለ ነው የሚቆጥረው። ለእያንዳንዱ ቆጠራ አንድ ተለጣፊ ሥዕል ይበልጥበታል። ከረሜላ ግን አይሁን፣ ነገሩ ሁሉ ስለ ጥርስ ነውና።

ጥያቄ፦ «ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት ሜቲልፌኒዴት የሚባል የኤዲኤችዲ መድኃኒት ትወስዳለች። ከጀመረች ወዲህ አራት ጥርሶቿ ተበልተዋል። መድኃኒቱ ነው ያበላሸው? በጥርስ ቀጠሮዋ ቀንስ ልተወው?» (አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አይተዉት። ይልቅ ሰዓቱን ከቀጠሮው ጋር ያጋጥሙት። አጭር ጊዜ የሚሠራው እንክብል ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ጀምሮ ወደ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብላ ትውሰድ። ረጅም ጊዜ የሚሠራው ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይዘልቃል፤ እሱ አይሰበርም፣ አይታኘክም። ከሰዓት በኋላ መድኃኒቱ ሲያልቅ ብዙ ልጆች ይነጫነጫሉ፤ ያን ሰዓት ለቀጠሮ አይምረጡት።

መድኃኒቱ ጥርስ አይቦረቡርም፤ መንገዱን ግን ይጠርጋል። ምራቅ ይቀንሳል። ምራቅ ደግሞ ከስኳር የሚፈጠረውን አሲድ አጥቦ የሚያረክስ ነው። የምሳ ፍላጎት ይዘጋል፤ ማታ መድኃኒቱ ሲለቅ ልጅቷ ብስኩቱንና ጣፋጭ ሻዩን እስክትተኛ ትቀማምሳለች። አፏ ሲደርቅ ውኃ ከመጠጣት ይልቅ ለስላሳ ትጠይቃለች። ጥርስ የሚጎዳው ስኳሩ ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ እንደገባ ነው፤ አንድ ጊዜ ተበልቶ ያለቀ ኬክ ሦስት ሰዓት ሲታኘክ ካመሸ ብስኩት ይሻላል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት ጠንከር ያለ ቁርስ፣ በደብተር ቦርሳዋ የውኃ ኮዳ፣ መድኃኒቱ ሲለቅ ደግሞ ደንበኛ እራት። ከምግብ በኋላ ስኳር የሌለው ማስቲካ ምራቅ ያመጣል። ከማታው ብሩሽ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አይግባ። ሌሊት ጥርስ ማፋጨት ካስተዋሉ ለጥርስ ሐኪሙም መድኃኒቱን ላዘዘው ሐኪምም ይንገሩ።

ለጥርስ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና የተወሰደበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ይስጡ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሜቲልፌኒዴትም ሆነ ሌላው የኤዲኤችዲ መድኃኒት አቶሞክሰቲን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ በብዙ የጥርስ ማደንዘዣ ውስጥም የልብ ምትን የሚያፈጥን አድሬናሊን አለ። ሁለቱን ማገናኘት ክልክል አይደለም። ሐኪሙ ግን ቀድሞ ግፊትና ምት ይለካል፣ መርፌው ደም ሥር አለመግባቱን ያረጋግጣል፣ ቀስ ብሎ ይሰጣል። ክብደቷንም ይንገሩ። የማደንዘዣው የሊዶኬይን ወሰን በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ነው፤ ለ20 ኪሎ ልጅ 88 ሚሊግራም ማለት ነው። ባለ 2 በመቶው፣ 1.8 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንዱ ካርትሪጅ (የማደንዘዣ ብልቃጥ) 36 ሚሊግራም አለው። ሁለት ካርትሪጅ ከወሰኑ በታች ነው፣ ሦስተኛው ያሳልፋል። አራቱን ጥርስ በአንድ ቀን «እንጨርሰው» ለማለት የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለኤዲኤችዲ ክሎኒዲን ወይም ጓንፋሲን የሚባሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ልጆች ደግሞ ግፊታቸው ዝቅ ስለሚል ከተጋደሙበት በአንድ ጊዜ አይነሡ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ይበሉ።

ጥያቄ፦ «እናቱ ዐረብ አገር ስለሆነች የ6 ዓመት የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ። አንድ ቦታ አይቀመጥም፣ ጥርሱን ላጥብህ ስለው ያመልጠኛል። ሰፈራችን የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ነው፤ ጎረቤቶቼ ‹ኮልጌቱ ነው የሚያበላሸው፣ በመፋቂያ ይበቃዋል› ይሉኛል።» (አያት፣ ከባቱ)

መልስ፦ እናታችን፣ ቡናማው ነገር በብዛት የሚመጣው ከውኃው ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ ማለትም በሊትር 1.5 ሚሊግራም፣ በላይ ነው። ቀለሙ የሚገባው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ግድም ባለው ጊዜ ነው። ውኃውን ማፍላት አይረዳም፤ ውኃው ተንኖ ፍሎራይዱ ስለሚቀር ጭራሽ ይወፍራል። የሚጠጣበትና የሚበሰልበት ውኃ ከተቻለ የዝናብ ወይም የተጣራ ይሁን።

የጥርስ ሳሙናውን አይተዉት፣ ይመጥኑት። ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች፤ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ቅንጣት። እርስዎ ይቀቡለት፣ እሱ ይትፋው፤ ሲያበቃ በውኃ አይጉመጥመጥ። ቱቦውን ግን ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡ፦ እንዲህ ያሉ ልጆች ጣፋጩን ሳሙና ከቱቦው መጥጠው ይበሉታል፤ ትልቁ አደጋም እሱ ነው። ቡናማ ጥርስ አይበሰብስም የሚባለው ልክ አይደለም።

መፋቂያው የጥርሱን ፊት ጥሩ አድርጎ ያጠራል። የመንጋጋውን ጉድጓድና ከኋላ ያለውን ግን አይደርስበትም፤ ስለዚህ ከብሩሽ ጋር ይሁን። በተለይ አሁን፦ በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ጀርባ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ሳይነቀል ስለሚወጣ ብዙ ሰው የወተት ጥርስ ይመስለውና «ይወድቃል» ብሎ ይተወዋል። አይወድቅም፤ ዕድሜ ልኩን የሚያኝክበት ነው። ሐኪም ጉድጓዶቹን በመሸፈኛ እንዲደፍንለት ይጠይቁ።

ሲያጥቡት ከፊት ለፊቱ አይቁሙ፣ ከዚያ ነው የሚያመልጠው። ከኋላው ሆነው ጭንቅላቱን ደረትዎ ላይ ያስደግፉ፣ በግራ እጅዎ አገጩን ይያዙ፣ በቀኝዎ ያጥቡ። ሁለት ደቂቃ ካልቻለ ለአራት ይክፈሉት፦ ላይ ቀኝ ተጠርጎ አንድ ዙር ይዝለል፣ ላይ ግራ ተጠርጎ ደግሞ ይዝለል። ሰዓቱ በየቀኑ ከአንድ ነገር ጋር ይያያዝ፣ ለምሳሌ ከእራት በኋላ እጅ ሲታጠብ። እስከ 10 ዓመቱ ድረስ ብቻውን «ታጥቤያለሁ» ቢልዎት አይመኑት። ውሸታም ሆኖ አይደለም፤ ጀምሮ ረስቶት ነው።

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ5 ዓመት ልጄ ስድስት ጥርስ መሠራት አለበት። አንዱ ክሊኒክ በሰሌዳ ላይ ጠቅልለን እንይዘዋለን ብሎ ቅጽ ሰጠኝ። ሌላው ሙሉ ማደንዘዣ ይሻላል አለ። የቱን ልፈርም?» (እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ቅጹን ቤትዎ ወስደው ለማንበብ መብት አለዎት። መጠቅለያው የእርስዎን የጽሑፍ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ከፈረሙ በኋላም መሀል ላይ «አቁሙ» ማለት ይችላሉ። እኛ የምንደግፈው ለአጭር ድንገተኛ ሥራ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ያበጠ ጥርስ ቶሎ ለመንቀል። ስድስት ጥርስ በመጠቅለያ ማሠራት ግን ልጁን ከጥርስ ሐኪም ለዓመታት ማራቅ ነው።

መሀከለኛ መንገድ አለ፦ በአፍንጫ የሚሳብ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ። አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራል፤ ሲያበቃ 5 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን ይስባል። ልጁ ይነቃል፣ ይሰማል፣ ግን ዘና ይላል። አፍንጫው በጉንፋን ከተዘጋ አይሠራም፤ ያን ቀን ቀጠሮውን ያዛውሩ። ጭንብሉን ከቀናት በፊት ተውሰው ቤት ይለማመድበት። በአፍ የሚሰጠው የማረጋጊያ መድኃኒት ሚዳዞላም አንዳንድ ልጆችን ከማረጋጋት ይልቅ እንደሚያስቆጣና እንደሚያስጮህ ይወቁ። እሱ ከተመረጠ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከሚሠራው ሐኪም ሌላ ትንፋሹን ብቻ የሚከታተል ሰው ማን ነው? የኦክስጅን መለኪያ ጣቱ ላይ ይደረጋል? ትንፋሽ ቢያጥረው ኦክስጅንና የሠለጠነ ሰው ክፍሉ ውስጥ አለ?

ስድስት ጥርስ፣ 5 ዓመት፣ ሕመምም ካለ፣ ሙሉ ማደንዘዣ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል። ደንቡ ከምግብና ከወተት 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት መጾም ነው፤ ክሊኒኩ የበለጠ ካዘዘ የእሱን ይከተሉ። እዚህ ላይ ነው ኤዲኤችዲ የሚያስቸግረው፦ ልጁ በመኪና ውስጥ የተረሳ ብስኩት አግኝቶ ይጎርሳል። ኪሱን፣ ወንበሩን፣ የታናሽ እኅቱን ቦርሳ ሳይቀር ይፈትሹ። ከበላ ደግሞ አይደብቁ፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የጠዋት መድኃኒቱን ይውሰድ አይውሰድ ማደንዘዣ ሐኪሙ ይወስን። ልጁ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ካለው እስከ 21 ዓመቱ የሚያስፈልገው የጥርስ ሕክምና ይሸፈናል። ስለ ፈቃዱ ስትነጋገሩ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ትልቋን ልጅ አታስተርጉሟት።

ለእስራኤል አንባብያን፦ ከ2019 ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች የጥርስ ሕክምና በኩፓት ሖሊም (በጤና መድን ድርጅቶቹ) በኩል ይሸፈናል፤ ለአንዳንድ ሥራ ትንሽ ክፍያ ይጨመራል።

ጥያቄ፦ «የጥርስ ባለሙያ ነኝ። ናይትረስ የለንም፤ መብራት በሥራ መሀል ይጠፋል፤ ወረፋው ረጅም ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ በምን ልጀምር?» (ከደቡብ ወሎ)

መልስ፦ መሰርሰሪያ በማይፈልገው ይጀምሩ። በእጅ መሣሪያ የለሰለሰውን ጠርጎ ግላስ አዮኖመር በሚባል የጥርስ መሙያ መሙላት በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) መብራት በሌለባቸው የታንዛኒያ ገጠሮች የተጀመረ ዘዴ ነው። ድምፅ የለውም፣ መርፌም ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። የሚወድቀው በአብዛኛው በእርጥበት ነው፦ ምላሱ ጥጡን ካወጣው ሙሌቱ በሳምንት ይነቀላል። ረዳት ከሌለ እናትየው ጥጥ አቀባይ ትሁን።

38 በመቶ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ (የጥርስ መበላትን የሚያቆም ፈሳሽ) ካገኙ ለእንዲህ ያለ ልጅ ተስማሚ ነው። ከንፈሩን ቫዝሊን ይቀቡ፣ ጥርሱን በጥጥ ያድርቁ፣ ጠብታውን ቀብተው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ በ6 ወር ይድገሙ። የተበላው ቦታ ይጠቁራል፤ የፊት ጥርስ ከሆነ ይህን ለወላጅ ሳይናገሩ አይቀቡ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም የድድ እብጠት ካለ ነርቩ ስለተነካ አይበቃም። ሦስተኛው፣ በስኮትላንዷ ሐኪም በኖርና ሆል ስም የሚጠራው የብረት ቆብ ነው፦ ሳይሰረሰርና ሳይደነዘዝ መንጋጋው ላይ በሙጫ ይጫናል። ቦታ ለማግኘት ከ3 እስከ 5 ቀን በፊት የጎማ ቀለበት በጥርሶቹ መካከል ይገባል፤ እረፍት የለሽ ልጅ በምላሱ ያወጣዋልና ከመጀመርዎ በፊት መኖሩን ይዩ።

«ንገር፣ አሳይ፣ ሥራ» የሚባለውን፣ የጥርስ ሐኪሙ አድልስተን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀውን ዘዴ ያውቁታል። እዚህ ግን ያሳጥሩት። በመንገርና በመሥራት መካከል ብዙ ጊዜ ከገባ ልጁ የነገሩትን ረስቶ እንደ አዲስ ይደነግጣል።

ጥያቄ፦ «ልጄ የታች ጥርሱ ተሞልቶ ከመጣ በኋላ ከንፈሩ አብጦ ነጭ ሆነ። መርዞት ይሆን? ደግሞም በየጊዜው ወድቆ አፉን ይመታል፤ ቋሚ ጥርሱ ቢነቀል ምን ላድርግ?» (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የደነዘዘ ከንፈሩን አኝኮት ነው። ነጩ እንደ መግል ቢመስልም የቁስሉ ሽፋን ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። ለብ ባለ ጨው ውኃ ይጉመጥመጥ፣ ቫዝሊን ይቀባ። ትኩሳት ካለው ወይም እብጠቱ ከሁለት ቀን በኋላ እየጨመረ ከሄደ ይታይ። የታችኛው መንጋጋ ማደንዘዣ ከንፈር ላይ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ስለሚቆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እስኪለቀው አያስበሉት። በየ15 ደቂቃው ይመልከቱት፤ «አትንከስ» ብቻ ከ5 ደቂቃ በላይ አይቆይም። ጥጥ ጠቅልሎ በጥርሱ መካከል ማስያዝ ይረዳል፣ እንዳይውጠው ከተከታተሉት።

ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወጣ ነጩን ጫፍ ይያዙ፣ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈትጉት። ከቆሸሸ በወተት፣ ከሌለም በቀዝቃዛ ውኃ ለ10 ሰከንድ ያህል ለቅለቅ ያድርጉትና እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይመልሱት። ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው። ካልቻሉ በብርጭቆ ወተት ከትተው በሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ሐኪም ጋ ይድረሱ። ደርቆ ከ60 ደቂቃ ካለፈው የሥሩ ሕዋሳት ይሞታሉ። ጉንጭህ ሥር ያዘው የሚባለው ምክር ለዚህ ልጅ አይሆንም፣ ይውጠዋል። የቴታነስ ክትባቱንም ይጠይቁ። የወጣው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመልሱት፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። እሱን ልጁ እንደ ልማዱ ጣሪያ ላይ ይወርውረው።